ቀን የሚቆጥር ሕግ፣ የማይቆጠር ሕመም

ቨርጂኒያ ውስጥ እጁ ተሰብሮ ሐኪም ዘንድ የቀረበ ሰው እንደ ኦክሲኮዶን ያለ ጠንካራ ማስታገሻ ቢያስፈልገው፣ የግዛቲቱ የሕክምና ቦርድ ደንብ ከ7 ቀን በላይ የሚበቃ መድኃኒት እንዳይታዘዝለት ያግዳል። ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ከሆነ ጣሪያው ወደ 14 ቀን ከፍ ይላል። ሐኪሙ ከዚህ አልፎ ማዘዝ ከፈለገ የተለየ ምክንያቱን በሕመምተኛው መዝገብ ላይ ማስፈር አለበት። ያው ሰው የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ሜሪላንድ ቢታከም ግን ሕጉ የቀን ቁጥር አይጠራም። ሐኪሙ ሕመሙን ለማስታገስ የሚበቃውን ዝቅተኛውን መጠን፣ ሕመሙ ይቆያል ብሎ ከሚገምተው ጊዜ ሳያስበልጥ እንዲያዝ ብቻ ያስገድደዋል።

ሁለቱም የወጡት በአንድ ዓመት፣ በ2017 ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።) ያስወጣቸውም አንድ መከራ ነው፤ ኦፒዮይድ በሚባሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች የሚመጣ ሱስና ሞት። በሁለቱ ግዛቶች ብዙ ኢትዮጵያውያን ስለሚኖሩ ጉዳዩ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ወሬ አይደለም። ጥርሱን አስነቅሎ፣ ጉልበቱን አስቀይሮ ወይም በመኪና አደጋ ተጎድቶ ፋርማሲ መስኮት ላይ የቆመ ሰው ሁሉ ከእነዚህ ደንቦች ጋር ይጋፈጣል። አንዱ ግዛት ቁጥር ሲያስቀምጥ ሌላው ለሐኪሙ ሚዛን የተወበት ልዩነት ደግሞ የነገሩን አስኳል ይነካል። ሕመምን ያህል በሰው ሁሉ የሚለያይ ነገር ሕግ በቀን ሊሰፍረው ይችላል ወይ?

መልሱ ሕጉ በማን ላይ እንደሚሠራ ይወሰናል። መድኃኒቱን ገና ሊጀምር ላለ ሰው የቀን ገደብ ጠቃሚ አጥር ነው። ለዓመታት ሲወስደው የኖረን ሰው በዚያው መስፈሪያ መቁረጥ ግን አንዱን ጉዳት በሌላ መተካት ነው። አሜሪካ ይህን ልዩነት ለመማር ከባድ ዋጋ ከፍላለች።

መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

ኦፒዮይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ሞርፊንና ኮዴይን በቀጥታ ከኦፒየም ተክል ይገኛሉ፤ ኦክሲኮዶንና ሃይድሮኮዶን ከተክሉ የተገኘውን ንጥረ ነገር በመለወጥ ይሠራሉ፤ ፌንታኒልና ሜታዶን ሙሉ በሙሉ ከቤተ ሙከራ የወጡ ናቸው። ጉልበታቸው ይለያይ እንጂ ሥራቸው አንድ ነው። በአንጎልና በአከርካሪ ውስጥ ባሉ ተቀባዮች ላይ ተጣብቀው የሕመሙን መልእክት ያደበዝዛሉ።

ችግሩ እነዚሁ ተቀባዮች ሌላም ሥራ ያላቸው መሆኑ ነው። የደስታ ስሜት በእነሱ በኩል ያልፋል፤ የትንፋሽም ምት እንዲሁ። ስለዚህ ሕመም የሚያስታግሰው መድኃኒት መጠኑ ሲያልፍ ትንፋሽን ያዘገያል፣ ከዚያም ያቆማል። ከአልኮል ወይም እንደ ዲያዜፓም ካሉ ማረጋጊያዎች ጋር ሲቀላቀል አደጋው ይበረታል።

ሰውነት መድኃኒቱን ለተወሰነ ጊዜ ሲያገኘው ይላመደዋል። ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃም። በድንገት ሲቋረጥም ላብ፣ ተቅማጥ፣ የአጥንት ቁርጥማትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላሉ። ይህ ጥገኝነት ይባላል፤ መድኃኒቱን በሐኪም ትእዛዝ በሥነ ሥርዓት ለወራት የወሰደ ማንኛውም ሰው ላይ ሊደርስ የሚችል የሰውነት ምላሽ ነው። ሱስ ግን ከዚህ ይለያል። ሱስ የያዘው ሰው መድኃኒቱ ሥራውን፣ ቤቱንና ጤናውን እያፈረሰበት እያየ እንኳ ፍለጋውን መተው ያቅተዋል። ጥገኛ የሆነ ሁሉ ሱሰኛ አይደለም። ወደ ኋላ እንደምናየው፣ የአሜሪካ ደንቦች ከሳቱባቸው ቦታዎች አንዱ እነዚህን ሁለቱን በአንድ ዓይን ማየት ነበር።

አንድ ነገር እንጨምር። መላመድ ሲመጣ ቀስ ብሎ ነው፤ መድኃኒቱ ሲቋረጥ ግን ቶሎ ይጠፋል። ለጥቂት ሳምንታት ያቋረጠ ሰው የድሮውን መጠን መልሶ ቢወስድ ያ መጠን ሊገድለው ይችላል።

ሕጉ መጠን ከመቁጠሩ በፊት

የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በኦፒየምና በኮካ ላይ የተጠናከረ ቁጥጥር የጀመረው በ1914 በወጣው የሃሪሰን ሕግ ነው። በ1970 የወጣው የቁጥጥር ሕግ ደግሞ መድኃኒቶችን በአምስት መደብ ከፈለ። ኦክሲኮዶን፣ ሞርፊንና ፌንታኒል በሁለተኛው መደብ ገቡ፤ ለሕክምና የተፈቀዱ፣ ነገር ግን ከፍተኛ የሱስ አደጋ ያላቸው ማለት ነው። በዚህ መደብ ያለ መድኃኒት በአንድ ማዘዣ ተደጋግሞ አይሞላም፤ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ ይጠይቃል። የሚያዘው ሐኪምም ከፌዴራሉ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ምዝገባ ሊኖረው ይገባል።

ይህ ሕግ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነበር፤ ማን አዘዘ? ለምን አዘዘ? ማዘዣው ለትክክለኛ የሕክምና ዓላማ፣ በተለመደው የሙያ አሠራር የተሰጠ መሆን አለበት። ስንት ፍሬ፣ ለስንት ቀን የሚለው ለሐኪሙ የተተወ ነበር።

ሐኪሞች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ያዘነበሉት ወደ ንፍገት ነበር። በካንሰር የሚሠቃዩ ሰዎች ሱስ ይይዛቸዋል ተብሎ ሞርፊን ይነፈጋቸው ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 የካንሰር ሕመምን በሦስት ደረጃ ስለማከም ያወጣው መመሪያ ይህን ለማረም የታሰበ ነበር፤ ትክክልም ነበር። ጥፋቱ የመጣው ለካንሰርና ለሕይወት ፍጻሜ የተባለው ወደ ወገብ ሕመም፣ ወደ ጉልበትና ወደ ጥርስ ሲዛወር ነው።

ለዚህ ዝውውር ማስረጃ ሆና ያገለገለችው በ1980 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣች የአምስት ዓረፍተ ነገር ደብዳቤ ናት። ጸሐፊዎቿ በሆስፒታል ተኝተው ኦፒዮይድ የወሰዱ 11,882 ሰዎችን መዝገብ አይተው ሱስ የያዛቸው አራት ብቻ ናቸው አሉ። ሰዎቹ በሆስፒታል ክትትል ሥር የነበሩ ናቸው፤ ማስታገሻውን ቤታቸው ወስደው ለወራት ስለሚውጡ ሰዎች ደብዳቤዋ የምትለው ነገር አልነበረም። ሆኖም በ2017 የተሠራ ቆጠራ እንዳሳየው ከ600 ጊዜ በላይ ተጠቅሳለች፤ ከጠቀሷትም የሚበዙት ሱስ ብርቅ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ነው ያቀረቧት።

ፐርዱ ፋርማ የተባለው ኩባንያ ኦክሲኮንቲንን ገበያ ላይ ያዋለው በ1996 ነው። ክኒኑ በውስጡ ያለውን ኦክሲኮዶን በ12 ሰዓት ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ያጸደቀው የመጀመሪያ መግለጫም ይህ ዘገምተኛነት ያላግባብ የመጠቀምን ዝንባሌ ይቀንሳል ተብሎ ይታመናል የሚል ቃል ነበረው። ክኒኑን የሰባበረና የፈጨ ሰው ግን የ12 ሰዓቱን መጠን በአንድ ጊዜ ያገኘው ነበር። የኩባንያው የሽያጭ ሠራተኞች በየክሊኒኩ እየዞሩ የሱሱን አደጋ አሳንሰው አስረዱ። በ2007 የፐርዱ አካል የሆነ ኩባንያና ሦስት ኃላፊዎቹ መድኃኒቱን በአሳሳች መንገድ በማቅረብ ጥፋተኝነታቸውን አምነው ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ።

በ2012 የአሜሪካ ፋርማሲዎች 255 ሚሊዮን የኦፒዮይድ ማዘዣዎችን አስተናገዱ። በ100 ሰው ከ81 በላይ ማዘዣ ማለት ነው። ለሐኪሙ ሚዛን የተተወው ጉዳይ እዚህ ከደረሰ በኋላ ሕግ አውጪዎች ቁጥር ይዘው መምጣታቸው የሚያስገርም አልነበረም።

ሰባት ቀን ከየት መጣ?

በ2016 መጋቢት ወር ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። ማሳቹሴትስ ለአዋቂ ሰው የመጀመሪያው የኦፒዮይድ ማዘዣ ከ7 ቀን እንዳይበልጥ የሚወስን ሕግ በማውጣት ከግዛቶች ሁሉ ቀዳሚ ሆነች። የፌዴራሉ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በተለምዶ ሲዲሲ የሚባለው፣ በዚያው ወር 12 ምክሮች የያዘ መመሪያ አወጣ። ለድንገተኛ ሕመም ሦስት ቀን ወይም ከዚያ ያነሰ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከሰባት ቀን በላይ የሚያስፈልገው ከስንት አንዴ ነው አለ።

ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ተከተሉ። ኒው ጀርዚ 5 ቀን አለች። ኦሃዮ ለአዋቂ 7፣ ለልጆች 5 ቀን ብላ የዕለቱንም መጠን ወሰነች። ፍሎሪዳ በ2018 ወደ 3 ቀን አወረደችው፤ ሐኪሙ የሕክምና ምክንያቱን ከጻፈ እስከ 7 ቀን ይፈቀድለታል። በጥቂት ዓመት ውስጥ ከ30 በላይ ግዛቶች አንድ ዓይነት ገደብ ነበራቸው።

ቁጥሩን የሚደግፍ ማስረጃ አለ። ሲዲሲ በ2017 ያወጣው ትንታኔ ኦፒዮይድ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዘዘላቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላም እየወሰዱ የመገኘት ዕድላቸውን መረመረ። ቢያንስ የአንድ ቀን መድኃኒት ካገኙት ሁሉ 6 በመቶው ከዓመት በኋላም ይወስዱ ነበር። የመጀመሪያ ጊዜ አወሳሰዳቸው 8 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው መካከል 13.5 በመቶ፣ 31 ቀንና ከዚያ በላይ ከሆነው ደግሞ 29.9 በመቶ ደረሰ። ዕድሉ ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ይጨምራል፤ በተለይ ከአምስተኛው ቀን በኋላ ከፍ ይላል።

ጠንቃቃ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ያነሳል። ረጅም ማዘዣ የተሰጠው ሰው መጀመሪያውኑ ሕመሙ የባሰ ሊሆን አይችልም? ይችላል፤ ስለዚህ ልዩነቱ ሁሉ በማዘዣው ርዝመት የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ነገር ግን በዚያው ዓመት ስለ ቀዶ ሕክምና የወጣ ሌላ ጥናት ነገሩን ያጠናክራል። ከዚያ በፊት ኦፒዮይድ ሲወስዱ ካልነበሩ ሰዎች መካከል ቀላል ቀዶ ሕክምና ካደረጉት 5.9 በመቶ፣ ከባዱን ካደረጉት 6.5 በመቶ ከሦስት ወር በኋላም መድኃኒቱን ያገኙ ነበር። ቀዶ ሕክምና ባላደረጉት ዘንድ 0.4 በመቶ ብቻ ነው። በቀላሉና በከባዱ መካከል ያለው ልዩነት ይህን ያህል ጠባብ ከሆነ፣ ሰዎቹን በመድኃኒቱ ያቆያቸው የቁስሉ ክብደት ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ሌላው ምክንያት የተረፈው ክኒን ነው። የተለያዩ ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ እንዳሳየው ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ሰዎች ከ67 እስከ 92 በመቶ የሚሆኑት ከታዘዘላቸው ኦፒዮይድ ሳይወስዱት የቀረ ነበራቸው። ያ ትርፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ ጎረምሳው ልጅ ያገኘዋል፣ እንግዳ ይወስደዋል፣ ወይም ባለቤቱ ራሱ ከወራት በኋላ ለሌላ ሕመም ይውጠዋል። የመጀመሪያውን ማዘዣ ማሳጠር ይህን ክምችት ከምንጩ ይቀንሰዋል፤ በዚህ ረገድ ገደቡ የሚጎዳው ሰው ጥቂት ነው።

ደንቡ በፋርማሲ መስኮት

የግዛት ሕግ ብቻውን አይሠራም። ሐኪሙ ከማዘዙ በፊት፣ ፋርማሲስቱም ከመስጠቱ በፊት የሚያዩት የግዛት የመረጃ ቋት አለ፤ ሕመምተኛው ከሌላ ሐኪም ምን እንደታዘዘለት ያሳያል። ሚዙሪ በ2021 የመጨረሻዋ ሆና ሕጉን ካወጣች ወዲህ ይህን ያልተቀበለ ግዛት የለም። የጡረተኞች የጤና መድኅን የሆነው ሜዲኬር ከ2019 ጀምሮ ኦፒዮይድ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያውን አቅርቦት በ7 ቀን ወስኗል። ብዙ የግል መድኅን ድርጅቶችና ትልልቅ ፋርማሲዎችም የየራሳቸውን ጣሪያ አበጅተዋል።

በፌዴራሉ ደንብ መሠረት ፋርማሲስቱም የራሱ ተጠያቂነት አለበት። ትክክለኛ ዓላማ የሌለው መሆኑን እያወቀ ማዘዣ ከሞላ ከሐኪሙ እኩል ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ ሰው ማዘዣ ይዞ ሄዶ አይሰጥህም ሲባል ጉዳዩ የግድ የፋርማሲስቱ ክፋት ወይም ንቀት አይደለም። የግዛቱ ሕግ፣ የመድኅኑ ጣሪያ፣ የፋርማሲው የውስጥ ደንብና የባለሙያው ፍርሃት ተደራርበው ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ የትኛው እንደከለከለ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው እንደ ከልካዩ ይለያያልና። የመድኅን ክልከላ ከሆነ ሐኪሙ ማብራሪያ ልኮ ልዩ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። የግዛት ገደብ ከሆነም አብዛኞቹ ሕጎች በር ትተዋል፤ ካንሰር፣ የሕይወት ፍጻሜ እንክብካቤና በመዝገብ የተብራራ የሕክምና ምክንያት በብዙ ቦታ ከገደቡ ውጭ ናቸው።

ቨርጂኒያ ከቀኑ ቁጥር አልፋ የሄደችበት አንድ መልካም ነገር አለ። የዕለቱ መጠን ከፍ ሲል፣ ወይም ከማረጋጊያ መድኃኒት ጋር አብሮ ሲታዘዝ፣ ሐኪሙ ናሎክሶንም አብሮ እንዲያዝ ደንቡ ያስገድዳል። ናሎክሶን የኦፒዮይድን ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሽር፣ የቆመ ትንፋሽን የሚመልስ መድኃኒት ነው። ገደብ የሚነፍግ ብቻ ሳይሆን የሚያድንም ሊሆን እንደሚችል ይህ ደንብ ያሳያል።

ምክር ሕግ ሲሆን

በ2016ቱ የሲዲሲ መመሪያ ውስጥ ሌላም ቁጥር ነበር። የኦፒዮይዶች ጉልበት ስለሚለያይ መጠናቸው በሞርፊን አቻ ይሰላል፤ ለምሳሌ 60 ሚሊ ግራም ኦክሲኮዶን ከ90 ሚሊ ግራም ሞርፊን ጋር ይመጣጠናል። መመሪያው ሥር ለሰደደ ሕመም የዕለቱ መጠን 50 ሲደርስ ሐኪሙ ቆም ብሎ እንዲያስብ፣ ወደ 90 ማሳደግን እንዲያስወግድ ወይም ምክንያቱን በጥንቃቄ እንዲያብራራ መከረ። ምክሩ ለአጠቃላይ ሐኪሞች የተሰጠና በፈቃደኝነት የሚተገበር ነበር። ማሳደግን እንዲያስወግዱ መከረ እንጂ ከዚያ በላይ የሚወስደው ሰው በግዴታ ይውረድ አላለም።

መሬት ላይ የሆነው ሌላ ነው። 90 የሚለው ቁጥር በመድኅን ድርጅቶች፣ በግዛት ደንቦችና በሆስፒታል አስተዳደሮች እጅ ገብቶ ግድግዳ ሆነ። ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት በከፍተኛ መጠን የኖሩ፣ በእሱም እየታገዙ ሥራ የሚሠሩ ሰዎችን ሐኪማቸው በአጭር ጊዜ እንዲያወርዱ አዘዛቸው። አንዳንዱ ሐኪም ከነጭራሹ አሰናበታቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ባልደረባው በቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ሲፈተሽ ያየ ሐኪም አዲስ ጀማሪውን ከነባሩ ሕመምተኛ ለመለየት ጊዜ አልሰጠም።

መዘዙ ለመምጣት ብዙ አልቆየም። በ2019 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ኦፒዮይድን በድንገት ማቋረጥ ወይም በፍጥነት መቀነስ ለከባድ ሥቃይና ራስን ለማጥፋት እንደሚዳርግ አስጠነቀቀ። በዚያው ዓመት የሲዲሲው መመሪያ ጸሐፊዎች ራሳቸው ምክራቸው ካሰቡት ውጭ እየተተገበረ መሆኑን በሕክምና መጽሔት ጻፉ። በ2021 ለረጅም ጊዜ በከፍተኛ መጠን ሲወስዱ የነበሩ ከ110 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት መጠኑ ከተቀነሰ በኋላ ያለውን ጊዜ ካልተቀነሰበት ጋር አነጻጸረ። በቀነሱት ዘንድ መጠን የማለፍ አደጋ በ100 ሰው ዓመት 9.3 ሲሆን ባልቀነሱት 5.5 ነበር። የአእምሮ ቀውስም በተመሳሳይ ከፍ ብሎ ታየ።

ይህ የሚያስገርመው አነስተኛ መጠን ማለት አነስተኛ አደጋ ነው ብሎ ለሚያስብ ብቻ ነው። ከላይ እንዳየነው የተላመደ ሰውነት ሲነፈግ ይታመማል፤ የታመመው ሰው ደግሞ ማስታገሻ ፍለጋ ይወጣል። የሚያገኘው መንገድ ላይ ከሆነ የሚገዛው ክኒን ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም።

ሲዲሲ በኅዳር 2022 መመሪያውን አሻሽሎ አወጣ። የመጠን ቁጥሮቹ ከዋና ዋናዎቹ ምክሮች ተነሱ፤ ምክሮቹ እንደማይለወጥ ደንብ እንዳይያዙም በግልጽ ተጻፈ። የግዛት ሕጎች ግን መመሪያው ስለተሻሻለ ብቻ አይሻሻሉም። ምክር ሰጪው ቃሉን ያረመበት ጉዳይ ሕግ ሆኖ በመጽሐፍ ላይ ቀርቷል፤ ቁጥርን በሕግ ማጽናት ከሚያስከትላቸው ችግሮች አንዱ ይህ ነው።

የወንጀሉም ሕግ በዚያው ዓመት መስመር ተበጅቶለታል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2022 ሩዋን በተባለው ሐኪም ይግባኝ ላይ በሰጠው ፍርድ፣ አንድ ሐኪም ከተፈቀደው ውጭ አዝዟል ተብሎ በፌዴራሉ የቁጥጥር ሕግ እንዲቀጣ ዐቃቤ ሕግ ሐኪሙ ያልተፈቀደ ማዘዣ መስጠቱን እያወቀ ወይም ሆን ብሎ ያደረገው መሆኑን ማስረዳት አለበት አለ። ክኒን ነጋዴ የሆነውን ሐኪም ለሕመምተኛው ብሎ ከተሳሳተው ለመለየት ፍርዱ መንገድ ይከፍታል።

ማዘዣው ቀነሰ፣ ሞቱስ?

በ2020 የኦፒዮይድ ማዘዣዎች ቁጥር ወደ 142 ሚሊዮን ወርዶ ነበር፤ በ100 ሰው 43 ገደማ ማለት ነው። ከ2012 ጋር ሲነጻጸር ግማሽ ያህል ቀንሷል። በኦፒዮይድ ምክንያት የሚሞተው ሰው ግን በ2012 23 ሺህ ገደማ የነበረው በ2021 ከ80 ሺህ በላይ ሆነ። ማዘዣው ሲወርድ ሞቱ ወጣ።

ይህን አይቶ ገደቡ ገደለ ብሎ መደምደም ችኩልነት ነው። የኦፒዮይድ ወረርሽኙ በሦስት ማዕበል መጥቷል። የመጀመሪያው ከ1990ዎቹ የጀመረው የሐኪም ማዘዣ ነው። ሁለተኛው ከ2010 በኋላ የመጣው ሄሮይን ነው፤ በዚያ ዓመት ኦክሲኮንቲን እንዳይፈጭ ተደርጎ እንደገና ሲሠራ ክኒኑን ያላግባብ ይወስዱ ከነበሩት አንዳንዶቹ ወደ ሄሮይን ዞረዋል። ሦስተኛው ከ2013 ገደማ ጀምሮ የተስፋፋው በሕገ ወጥ መንገድ የሚመረት ፌንታኒል ነው። ፌንታኒል ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ ያይላል። በ2021 ከሞቱት ውስጥ ከ70 ሺህ በሚበልጡት ላይ ፌንታኒልን የመሰለ ሰው ሠራሽ ኦፒዮይድ ሲገኝ፣ በሐኪም የሚታዘዝ ኦፒዮይድ የተገኘባቸው ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ናቸው። ከእነሱም ብዙዎቹ ሌላ ነገር ቀላቅለው የወሰዱ ናቸው።

የማዘዣ ገደብ የመንገዱን ፌንታኒል አይነካም። ሊያደርግ የሚችለው አዲስ ሰው ወደ ችግሩ የሚገባበትን አንዱን በር ማጥበብ ነው፤ የዚህም ፍሬ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። ቀድሞ ለገባው ሰው የሚያስፈልገው ሕክምና ነው። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሱስን ረሃብ አስታግሰው ሞትን እንደሚቀንሱ ከታወቀ ቆይቷል። ሆኖም እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ አንድ ሐኪም ኦክሲኮዶን ለማዘዝ ከተለመደው ምዝገባ ሌላ አያስፈልገውም ነበር፤ ከኦክሲኮዶን ሱስ የሚያወጣውን ቡፕረኖርፊን ለማዘዝ ግን ተጨማሪ የፌዴራል ፈቃድ ይጠየቅ ነበር። ሕጉ በሽታውን ከመድኃኒቱ ይልቅ ቀላል አድርጎት ኖሯል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያ ፈቃድ የቀረው በ2022 መጨረሻ በጸደቀ ሕግ ነው። ናሎክሶንም ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ በ2023 ተፈቀደ።

ገደቡ ከሌላው ወገን ሲታይ

አሜሪካ ከልክ በላይ ስለታዘዘ ሞርፊን ስትከራከር፣ አብዛኛው ዓለም የሚሠቃየው በማጣት ነው። የላንሴት ኮሚሽን በ2017 እንዳወጣው በየዓመቱ በዓለም ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን የሞርፊን አቻ ኦፒዮይድ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን፣ ማለትም 100 ኪሎ ግራም ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ጎራ ናት።

ሁለቱም ወገኖች የታሰሩት በአንድ ሰነድ ነው። በ1961 የወጣው የተባበሩት መንግሥታት የናርኮቲክ መድኃኒቶች ስምምነት ያላግባብ መጠቀምን ለመከላከል ብቻ የተጻፈ አይደለም። መግቢያው እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን ለማስታገስ የግድ አስፈላጊ መሆናቸውን አምኖ አቅርቦታቸው እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። በብዙ አገሮች ግን ከሁለቱ ግዴታዎች የመጀመሪያው ብቻ ሲከበር ኖረ። አስመጪው ፈቃድ፣ ፋርማሲው የተቆለፈ ሣጥንና የተለየ መዝገብ፣ ሐኪሙ የተለየ የማዘዣ ወረቀት ይጠየቃሉ። ኢትዮጵያም ለናርኮቲክ መድኃኒት ከመደበኛው የተለየ ማዘዣ ትጠቀማለች። እነዚህ ጥንቃቄዎች እያንዳንዳቸው ምክንያት አላቸው፤ ተደምረው ግን ሐኪሙ በካንሰር ለሚሠቃይ ሰው ሞርፊን ከማዘዝ ይልቅ ቀላሉን ክኒን ሰጥቶ መሸኘትን እንዲመርጥ ሊገፉት ይችላሉ።

ሌላ መንገድ እንዳለ አንዲት የምሥራቅ አፍሪካ አገር አሳይታለች። ኡጋንዳ በ2004 በልዩ ሁኔታ የሠለጠኑ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዙ ሕጓን አሻሻለች፤ ሐኪም በማይገኝበት ገጠር የሚሞት ሰው ያለ ማስታገሻ እንዳይቀር ነው። የሚጠጣው ሞርፊን በአገር ውስጥ ከዱቄት ተበጥብጦ በርካሽ ይዘጋጃል። ሞርፊን የፈጠራ ባለመብት የሌለው መድኃኒት ስለሆነ ውድ መሆን አይገባውም፤ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ የሠለጠነ ሰው፣ የተሠራ የአቅርቦት መስመርና ከፍርሃት የጸዳ ደንብ ነው።

ስለዚህ የአሜሪካን ልምድ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚያመጣ ሰው የትኛውን ክፍል እንደሚያመጣ መምረጥ አለበት። የሰባት ቀኑን ጣሪያ ማምጣት የሌለን ጎርፍ መገደብ ነው። የሚጠቅመው ከኩባንያ ጋር የተያያዘው ትምህርት ነው። መድኃኒቱን የሚሸጠው አካል ሐኪሙን የሚያስተምረው ሆኖ ሲገኝ፣ ጥሩው ዓላማ ራሱ መጥፎ መንገድ ይይዛል። የሞርፊን አቅርቦትን ማስፋት የሚፈልግ አገር ሥልጠናውን ከሻጩ እጅ ማውጣት ይኖርበታል።

ጥሩ ገደብ በምን ይታወቃል?

ካየነው ሁሉ ሦስት መመዘኛዎች ይወጣሉ። የመጀመሪያው ገደቡ የሚይዘው ማንን እንደሆነ መለየቱ ነው። መድኃኒቱን ለማያውቅ፣ በጥቂት ቀን የሚያልፍ ሕመም ለያዘው ሰው አጭር ማዘዣ ማስረጃ አለው። ለካንሰር ሕመምተኛ፣ ለሲክል ሴል በሽተኛ፣ ለነባሩ ተጠቃሚ ያው ቁጥር አይሠራም። ሁለተኛው መውጫ በር መኖሩ ነው። ሐኪሙ ምክንያቱን ጽፎ ሳይፈራ የሚያልፍበት በር ከሌለ ገደቡ የሐኪሙን ዕውቀት ከጥቅም ውጭ ያደርጋል። ሦስተኛው ከልካዩ ሕግ በምትኩ ምን እንደሚሰጥ መናገሩ ነው። ናሎክሶንን፣ የሱስ ሕክምናንና ኦፒዮይድ ያልሆኑ ማስታገሻዎችን በመድኅን የማይሸፍን ሥርዓት ቀን ሲቆጥር ቁጠባ እንጂ ጥንቃቄ አይሆንም።

በእነዚህ መመዘኛዎች ሲታይ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ እንደሚመስሉት የተራራቁ አይደሉም። ቨርጂኒያ ቁጥር ብታስቀምጥም በሩን ክፍት ትታለች፤ ሜሪላንድ ቁጥር ባታስቀምጥም ሐኪሙን ያለ ሚዛን አልለቀቀችውም። ጉዳት ያደረሰው ቁጥር በሕግ መጻፉ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ዓይነት ሰው የተጻፈው ቁጥር ለሁሉም መዋሉ ነው።

ይህ ለሕመምተኛውም ትርጉም አለው። አዲስ ማዘዣ ሲሰጠው ለስንት ቀን እንደሆነ፣ መቼ ወደ ቀላል ማስታገሻ እንደሚዛወርና ከሚወስዳቸው ሌሎች መድኃኒቶች ጋር መስማማቱን መጠየቅ ይገባዋል፤ የተረፈውንም ለማንም ሳያካፍል ለሚቀበል ፋርማሲ መመለስ አለበት። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የኖረ ሰው ደግሞ በድንገት አቁም ቢባል እሺ ብሎ መውጣት የለበትም። መቀነስ ካስፈለገ ከሐኪሙ ጋር ተስማምቶ ቀስ በቀስ፣ አንዳንዴም በወራት ሊሆን ይገባል፤ የ2022ቱ መመሪያ የሚለውም ይህንኑ ነው። ይህን የሚጠይቅ ሕመምተኛ ሱሰኛ ተብሎ ሊፈራ አይገባውም፤ የጠየቀው መመሪያው የሚያዘውን ሕክምና ነውና።